ፕላስቲኩን አትተዪው

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህት፣ ፊዚክስ ልትመረቂ ነው። የመመረቂያ ሥራሽ አልፋ ቅንጣቶች፣ ማለትም ጨረራ አመንጪ ነገሮች የሚረጯቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ፕላስቲክ ላይ የተዉትን ዱካ በኮምፒውተር መለካት ነው። ጓደኞችሽ ግን «ይሄ ምን እንጀራ ይሆናል? ኮዲንግ ብትማሪ አይሻልም?» ይሉሻል። አንቺም ልትተዪው ዳር ደርሰሻል።

እባክሽ አትተዪው። የምትለኪበት ሲአር 39 የመነጽር ሌንስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው። ራዶን የሚባለው ከመሬት የሚወጣ ጨረራ አመንጪ ጋዝ ባለበት ቤት ሲሰነብት አልፋ ቅንጣቶች ይመቱታል። ቁስሉ መጀመሪያ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም። 70 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ኮስቲክ ሶዳ ለሰዓታት ሲዘፈዘፍ ግን የተመታው ቦታ ቀድሞ ይበላና ጉድጓድ ይሆናል። ያኔ ይቆጠራል። ራዶን ደግሞ ከሲጋራ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው። ስለዚህ የምትቆጥሪው ቀላል ነገር አይደለም።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተሩ አቧራውንም ጭረቱንም ዱካ ብሎ ይቆጥራል። የተደራረቡ ሁለት ጉድጓዶችን አንድ ያደርጋል። ጉድጓዱን ከቀረው ፕላስቲክ የሚለይበትን የብርሃን ወሰን ትንሽ ስታንቀሳቅሺው ቁጥሩ ይለወጣል። ታዲያ የትኛው ቁጥር ይታመን? ይህን ማሳየት የሚችል ሰው ነው የሚፈለገው።

በማይክሮስኮፕ ካነሳሻቸው የፕላስቲኩ ፎቶዎች 50 ምረጪ። የኮምፒውተሩን ውጤት ሳታዪ በዓይንሽ ቁጠሪ፤ ጓደኛሽንም አስቆጥሪ። ከዚያ አወዳድሪ፦ ስንቱን ዘለለ፣ ስንቱን በሐሰት ጨመረ? ቤት ውስጥ ያልተሰቀለ ፕላስቲክም አብረሽ ዘፍዝፊና የራሱን ዱካ ከቁጥርሽ ላይ ቀንሺ። የሶዳውን ሙቀትና ሰዓት መመዝገብ እንዳትረሺ፤ የጉድጓዱ ስፋት በእሱም ይወሰናል።

ሲቪሽ ላይ «ኢሜጅ ጄ እችላለሁ» ብቻ ብለሽ አትለፊ። ፎቶ ላይ የሚለካና የሚቆጥር ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ማንም ያወርደዋል። የስህተቱን መጠን ከነቁጥሩ ጻፊ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የጨረራ ሥራ ክፍት ቦታው ጥቂት ነው። እሱን ብቻ አትጠብቂ። የሆስፒታል ላብራቶሪ ሴል ይቆጥራል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ የልብስ ፋብሪካዎች የጨርቅ እንከን ይፈትሻሉ። ማሽን አይቶ የሚወስንበት ቦታ ሁሉ ያንቺን ጥያቄ ይጠይቃል፤ እዚያም አመልክቺ።

ኮዲንጉንም ተማሪ፣ ፓይተን ይበቃሻል። መለማመጃሽ ግን የራስሽ ፎቶዎች ይሁኑ። ንጽጽሩን ስትጨርሺ ሲቪሽን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።