ጥያቄ፦ ሜሪላንድ (አሜሪካ) ያለው ጓሮዬ ውስጥ የውሃ ኤሊ እንቁላል ጥላለች፤ ቆፍሬ ወደ ቤት ላስገባው?

መልስ፦ አያስገቡት። የኤሊ እንቁላል እንደ ዶሮ አይገላበጥም፤ ከተጣለ ከአንድ ቀን በኋላ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ስለሚጣበቅ ከዞረ ሊሞት ይችላል። ዋናው ጠላት ራኩን የሚባለው የዱር እንስሳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አሽትቶ ይቆፍራል። ስለዚህ ዛሬውኑ 60 በ60 ሳንቲሜትር በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ጠንካራ ሽቦ ወጥረው ይክደኑበት፤ ጠርዙን ድንጋይ ይጫኑበት። ከመሬቱ ጋር እኩል 5 ሳንቲሜትር ያህል መውጫ ይተዉ፤ አለበለዚያ የሚፈለፈሉት እዚያው ታግተው በፀሐይ ያልቃሉ። ጥላ አያብጁ፣ ውሃም አያጠጡ፦ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን የሚወስነው የአፈሩ ሙቀት ነው።

ኤሊዋ ስናፒንግ ተርትል የሚባለው ዝርያ ከሆነች ከ80 እስከ 90 ቀን ገደማ ይጠብቁ። ፔይንትድ ተርትል የሚባለው ዝርያ ከሆነች ግን ልጆቿ ብርዱን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አሳልፈው በፀደይ ሊወጡ ስለሚችሉ፣ በኦክቶበር ምንም ካላዩ «ተበላሽቷል» ብለው አይቆፍሩ።