መልስ፦ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ አለበት፤ እኔንም ይይዘኛል? የዘረመል ምርመራስ ላድርግ?

አይ፣ የግድ አይይዝሽም። ስኪዞፍሬኒያ፣ ድምፅ መስማትና ያለምክንያት መጠራጠር የሚያመጣው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በጠቅላላው ሕዝብ ከ100 ሰው 1 ያህሉን ይይዛል። ወንድም ወይም እህት ከታመመ ቁጥሩ ወደ 10 ይጠጋል። ከ10 ዘጠኙ ደህና ናቸው ማለት ነው።

ምርመራውን ተዪው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ለብቻው በሽታውን የሚወስን አንድ ዘረመል የለም። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት 287 የዘረመል ቦታዎችን ከበሽታው ጋር አያይዟል፤ የአብዛኞቹ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። ሙሉ ዘረመላቸው አንድ በሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ደህና የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሐሺሽ አትንኪ። በእኔም ቤተሰብ በሽታው አለ፤ ታናሼ ማጨስ በጀመረ በወራት ውስጥ ድምፅ መስማት ጀመረ። ሐሺሹ ብቻ ነው ያመጣው አልልም። ግን በዘር ተጋላጭ የሆነን ሰው አደጋውን ይጨምርበታል። ድምፅ መስማት ወይም ያለምክንያት ሰው መጠራጠር ከጀመረሽ ሳትውዪ ሳታድሪ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂጂ።