ብቻዬን ለምጫወተው ጌም አካውንት ለምን? ጥያቄና መልስ ከዲስኩ ጋር

ዲስኩ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ጥያቄና መልስ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። ብቻችንን የምንጫወተው የኮምፒውተር ጌም ስቲም፣ ዩቢሶፍት ኮኔክት (የድሮው ዩፕሌይ) ወይም ሌላ የጌም መሸጫ መድረክ አካውንት ውስጥ ካልገባችሁ አልነሳም የሚለው ለምንድን ነው? ምንስ ይደረጋል? ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ላፕቶፕ ምረጥልኝ የሚል አልመልስም። የክራክ (መቆለፊያው የተሰበረ ሕገወጥ ቅጂ) ሊንክ የለኝም። በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝም የለኝም።

ሚኪ ጎንደር፦ አካውንት ክፈት የሚባለው ጣጣ ከየት መጣ? ድሮ ሲዲ ከትተን እንጫወት አልነበር?

ዲስኩ፦ ይሄን የሚጠይቅ ስጠብቅ ነበር። ቫልቭ የሚባለው የጌም ኩባንያ ስቲምን በ2003 ሲያወጣ ዋና ሥራው ካውንተር ስትራይክን የመሳሰሉትን ማደስ ነበር። ያንን ማንም ይረዳዋል፤ ኦንላይን ጌም ያለ ኦንላይን አይሆንም። ነገሩ የተቀየረው ኖቬምበር 2004 ሃፍ ላይፍ 2 ሲወጣ ነው። ሰው ሱቅ ሄዶ ሣጥኑን ገዛ። ሲዲውን ከተተ፣ ጭኖ ጨረሰ። ከዚያ «ስቲም ላይ አካውንት ክፈትና ኢንተርኔት ላይ አረጋግጥ» ተባለ። ታሪኩን የሚጫወተው ለብቻው ነው። ሌላ ተጫዋች የለበትም። በወጣበት ቀን ደግሞ ሁሉም በአንዴ ሲመጣ ሰርቨሩ ተጨናነቀና ሲዲውን በእጁ የያዘ ሰው መጫወት አቃተው። ቤቱ ኢንተርኔት ያልገባለት ጭራሹኑ ቀረ።

ያኔ ስቲም ያልተሰደበው ስድብ የለም። ዛሬ ስቲም ሲነካ ቱግ ከሚሉት ብዙዎቹ ያኔ ሲሰድቡት የነበሩ ናቸው። ምን ተለወጠ? ማስገደዱ አልቀረም። በምትኩ የሚሰጠው በዛ። ሲዲህ ቢሰበር ጌሙ አካውንትህ ላይ አለ። ማሻሻያው ራሱ ይመጣል። ቅናሽ አለ። ከ2015 ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህ ይመለሳል። በኋላ የመጡት መድረኮች ግዴታውን ብቻ ቀድተው ጥቅሙን ረሱት። ሰው የሚናደደው ለዚህ ነው።

ሰነፉ ጌመር፦ ስቲም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?

ዲስኩ፦ ይሠራል። ግን ኢንተርኔት ሳለ ነው የሚዘጋጀው። ግቡ፣ ጌሙን አድሱ፣ አንዴ አስነሱት፣ ከዚያ ኦፍላይን አድርጉት። ኢንተርኔቱ ከሄደ በኋላ አይደለም። ሳለ! ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ያልሞከራችሁትን ኦፍላይን አትመኑ።

ጅማ ልጅ፦ ሰኔ 2012 በኛ አቆጣጠር ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ የኔ ጌም ሠራ። የጓደኛዬ ግን «ግባ» እያለ ቀረ። ሁለታችንም ብቻችንን የምንጫወተው ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዲስኩ፦ የጌሞቹን ስም ሳትነግረኝ እርግጡን አልነግርህም። በጥቅሉ ግን «ኢንተርኔት ይፈልጋል» የሚለው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ አንዴ ሲጫን ብቻ ያረጋግጥና ይተውሃል። አንዳንዱ በየጊዜው ተመልሶ «አለህ?» ይልሃል። በ2008 ማስ ኤፌክት ለኮምፒውተር ሊወጣ ሲል በየ10 ቀኑ እንዲያረጋግጥ ታቅዶ ነበር። ሰው ሲጮህ ተተወ። የዚያው ዓመት ስፖር የሚባለው ጌም 3 ጊዜ ብቻ አክቲቬት ይደረጋል ተባለ። ገዢው አማዞን ላይ ሄዶ በሺዎች የሚቆጠር የአንድ ኮከብ አስተያየት ከመረበት። ቁጥሩ ወደ 5 ከፍ አለ።

ክፉው ግን ሦስተኛው ነው። በ2010 ዩቢሶፍት አሳሲንስ ክሪድ 2ን ለኮምፒውተር ሲያወጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካልተገናኘህ አትጫወትም አለ። መስመሩ ለአፍታ ቢቆረጥ ጌሙ ቀጥ ይላል። በወጣ በቀናት ውስጥ ሰርቨሮቹ ጥቃት ደረሰባቸውና በር ላይ የቀረው የከፈለው ሰው ሆነ። በ2012 ኩባንያው ራሱ አሠራሩን መተዉን ተናገረ። እንግዲህ የጓደኛህ ከሁለተኛው ወይ ከሦስተኛው ወገን ሳይሆን አይቀርም።

እናት ነኝ፦ ይቅርታ፣ እኔ ጌም አላውቅም። ልጄ ብቻውን ነው የሚጫወተው፣ ግን የገዛሁለት ዳታ በሁለት ቀን ያልቃል። ዋሽቶኝ ነው?

ዲስኩ፦ እናቴ፣ ላይዋሽዎት ይችላል። ዳታውን የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ሳይሆን ማሻሻያው ነው። አንድ ማሻሻያ ብዙ ጊጋ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ሳይጠይቅ ይወርዳል። ልጅዎ ስቲም የሚጠቀም ከሆነ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማሻሻያ የሚወርድበትን ሰዓት ይወስን፤ ያልተወሰነ የሌሊት ፓኬጅ ካላችሁ በዚያ ሰዓት ያድርገው። ሌላም ዘዴ አለ። ጓደኛው ያንኑ ጌም አውርዶት ከሆነ፣ ከ2023 ጀምሮ ስቲም በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ኮምፒውተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጣል። ለዚያ ዳታ አይቆጥርም። አይቆጡት።

እናት ነኝ፦ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።

አዲሱ ገቢ፦ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ለጌም ይሆናል?

ዲስኩ፦ መግቢያውን አንብብ።

ፈንጂው፦ ሰዎች ምን ታካብዳላችሁ፤ ክራክ አውርዶ መጫወት ነው። አካውንት የለ፣ ሰርቨር የለ።

ኮደሩ፦ ሰው ዓመታት የለፋበትን ነው የምትሰርቀው። እኔ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው የምኖረው። ያንተን ሥራ እንዲህ ቢያደርጉህስ?

ፈንጂው፦ በቴሌብር የሚከፈልበት ስቲም አምጣልኝና እገዛለሁ። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ምን ያድርግ?

ኮደሩ፦ መክፈያ ማጣት መብት አይሰጥህም። ነፃ የሚሰጡም ጌሞች አሉ። ኤፒክ የሚባለው መድረክ በየሳምንቱ ይሰጣል።

ፈንጂው፦ ለእሱም እኮ አካውንት ክፈት ይላል! 😂

ዲስኩ፦ ይህን ሌላ ቦታ ጨርሱት። ሁለት ነገር ልበልና እንለፍ። ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ክራክ ይዞት የሚመጣውን ቫይረስ ኢንተርኔት ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ በግዴታ ኦንላይን በር ላይ የሚቆመው ሁልጊዜ የከፈለው ሰው መሆኑ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያመጡት ጉድ ነው። ቀጣይ።

ሳሪስ 12፦ ኩባንያዎቹ ግን «ሰርቨሩ የግድ ያስፈልጋል» ይላሉ። እውነት ነው?

ዲስኩ፦ የሲምሲቲን ነገር ልንገርህ። ማርች 2013 ወጣ። ከተማ የምትገነባበት ጌም ነው፣ ብቻህን ብትሆንም ኢንተርኔት ግዴታ። ምክንያቱ ሲጠየቅ ከስሌቱ ብዙው የሚሠራው በኛ ሰርቨር ላይ ነው ተባለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰርቨሩ ወደቀ፣ ሰው ወረፋ ይዞ ዋለ፣ አማዞን የዳውንሎድ ሽያጩን ለጊዜው አቆመ። ከዚያ ጌሙን የሚነካኩ ሰዎች ኢንተርኔቱ ተቋርጦም ከተማው መንቀሳቀሱን እንደሚቀጥል አሳዩ። ከዓመት በኋላ፣ ማርች 2014፣ ኩባንያው ራሱ ያለ ኢንተርኔት መጫወቻውን ለቀቀ። አይቻልም የተባለው ተቻለ።

ዲያብሎ 3ም እንዲሁ። ሜይ 2012 ሲወጣ «ስህተት 37» (ሰርቨሩ ተጨናንቋል) የሚል ጽሑፍ ነበር የዓለም ጌመር ያየው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቅሬታው ስለበዛ የንግድ ተቆጣጣሪው የኩባንያው ቢሮ ድረስ ሄዶ ፈተሸ። በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ግን ያው ጌም ያለ ኢንተርኔት ሠራ።

ኮደሩ፦ ዲያብሎ ላይ ፍትሐዊ አይደለህም። በእውነተኛ ገንዘብ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ነበረው። ኦፍላይን ቢፈቅዱ በአንድ ሌሊት በተጭበረበረ ዕቃ ይሞላ ነበር።

ዲስኩ፦ ለገበያው ያልከው ልክ ነው። ገበያው ውስጥ መግባት ያልፈለገውስ? ለብቻው የሚጫወትበትን ለይቶ መስጠት ምን ይከለክል ነበር? ደግሞ ገበያው ማርች 2014 ተዘጋ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግዴታው ግን አልተነሣም።

ኮደሩ፦ መልስህ ጥሩ ነው፣ ግን ለይቶ መሥራት ወጪ ነው።

ዲስኩ፦ ወጪው ለምን የኔ ይሆናል?

ቤቲ ዱባይ፦ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ጋድ ኦፍ ዋር ራግናሮክን ልገዛለት ስል አገሩ ላይ አይሸጥም አለው። ብቻ የሚጫወቱት ጌም አይደል እንዴ?

ዲስኩ፦ ነው እህቴ፣ ያ ነው የሚያናድደው። በ2024 ለኮምፒውተር ሲወጣ ሶኒ የፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን የኦንላይን አገልግሎት) አካውንት ግድ አለ። ፒኤስኤን አገር መርጦ ነው የሚሠራው። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ አንቺ ያለሽበት ኤምሬትስ አለች። ስለዚህ አካውንቱን መክፈት በማይቻልባቸው አገሮች ጌሙ ከስቲም መደርደሪያ ወረደ። ከዚያ በፊት ሜይ 2024 ላይ ሄልዳይቨርስ 2ን ሲያስገድዱ የተጫዋቹ ቁጣ ሶኒን በቀናት ውስጥ አስመልሶት ነበር። ጃንዋሪ 2025 ደግሞ ራግናሮክን ጨምሮ ለተወሰኑ ጌሞች አካውንቱ በፍላጎት ነው አሉ። ወንድምሽ አሁን ስቲሙን ከፍቶ በራሱ አካውንት ይይ። ካንቺ በስጦታ መላክ በሁለቱ አገሮች መካከል የዋጋ ልዩነት ሲሰፋ ይከለከላል፣ ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት እሱ ይፈትሽ። ደግሞ አገር ዋሽቶ አካውንት አይክፈት። ደንብ መጣስ ነው፣ የተገዛበትን ሁሉ ይዞ ሊዘጋ ይችላል።

ዮኒ ሐዋሳ፦ ስቲም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?

ዲስኩ፦ ከላይ ተመልሷል።

ማርታ፦ ሰርቨሩ ለዘለዓለም ሲዘጋስ? እስካሁን ስለሚቆራረጥ ነው ያወራነው።

ዲስኩ፦ ተባረኪ። ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። መቆራረጥ ያልፋል።

ጂቲኤ 4ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2020 መጀመሪያ ስቲም ላይ ከሽያጭ ወረደ። ጌሙ ምንም አልሆነም። ማይክሮሶፍት የተወው «ጌምስ ፎር ዊንዶውስ ላይቭ» የሚባል መድረክ ውስጡ ተሰፍቶ ነበርና አዲስ ቁልፍ ማግኘት አልተቻለም። ሮክስታር መድረኩን ነቅሎ ማርች ላይ መለሰው። የተመለሰው ግዙፍ ስም ስለሆነ ነው። ትንሹን ጌም ማን ይነቅልለታል? ዳርክ ሶልስም በ2012 ለኮምፒውተር ይውጣልን ተብሎ ፊርማ ተሰብስቦለት፣ ያንኑ መድረክ ይዞ ሲመጣ አንሡልን ተብሎ እንደገና ፊርማ ተሰብስቧል።

የዘ ክሩው ከዚህ ይብሳል። የመኪና ጌም ነው፣ በ2014 የወጣ። ብዙ ሰው ታሪኩን ለብቻው ነው የነዳው። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋና ጌሙ አብሮ ሞተ። ከዚያም አልፎ ከገዢዎች አካውንት ላይ ፈቃዱ ተነሣ። ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር «ጌሞችን መግደል ይቁም» ብሎ የጀመረው ዘመቻ አውሮፓ ውስጥ በ2025 ከ1 ሚሊዮን ፊርማ በላይ አገኘ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ሻጩ «የምትገዛው ፈቃድ ነው» ብሎ በግልጽ እንዲናገር በሕግ አስገድዳለች። ስቲም ላይ ክፍያ ስትፈጽሚ የምታዪው ማስታወቂያ ከዚህ ጋር የመጣ ነው።

ኮደሩ፦ ሰርቨር ለዘለዓለም ክፈቱ ማለት ግን አይቻልም።

ዲስኩ፦ ማንም አላለም። ስትሄዱ በሩን ክፍት ትታችሁ ሂዱ ነው። ዘመቻውን ሳታነብ አትከራከር።

ማርታ፦ እና ምን ልግዛ?

ዲስኩ፦ ጂኦጂ (ጌም ያለ ኦንላይን ማረጋገጫ የሚሸጥ ድረ ገጽ) ላይ ካለ እዚያ ግዢ። የጭነት ፋይሉን አውርደሽ ውጭ ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ዘ ዊቸር 3 እንደዚያ ነው፤ አንዴ ካወረድሽው ማንንም አይጠይቅም። ግን ፋይሉን ሳታወርጂ «አለኝ» ብለሽ አትቀመጪ። ጂኦጂም ቢሆን ሰርቨር ነው። በ2021 ሂትማንን ሲያስገባ፣ ጌሙ ዕድገትሽን ለመያዝ ኦንላይን ይፈልግ ስለነበር ገዢው ተቆጥቶ አስወርዶታል። እንደነሱ ጩኹ። ስቲም ላይ ደግሞ የአንዳንድ ጌም ፎልደር ስቲም ሳይከፈትም ይነሳል። ዝርዝር አትጠይቁኝ። ዋይፋይ አጥፍታችሁ፣ ስቲም ዘግታችሁ ሞክሩ።

ፈንጂው፦ ኢንተርኔት ሳለ!

ዲስኩ፦ አንተም ተማርክ ማለት ነው።

ሰለሞን ፒያሳ፦ ስቲም ኦፍላይን...

ዲስኩ፦ ሰለሞን፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ሌላ የቀረ ካለ አንድ ብቻ እመልሳለሁ።

አባ ሲዲ፦ የድሮ ኢንተርኔት ቤት ሲዘጋ የሃፍ ላይፍ 2 ሲዲ ከነሣጥኑ አገኘሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 7 ነው። ይሠራል?

ዲስኩ፦ ላፕቶፕህ ጌሙን በደንብ ይችለዋል። ስቲም ግን ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን አይደግፍም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዊንዶውስ 10 መሄድ አለብህ። ከባዱ ቁልፉ ነው። ሣጥኑ ላይ ያለው ቁልፍ የሚገባው አንድ አካውንት ላይ ብቻ ነው። ያ ኢንተርኔት ቤት አስቀድሞ ካስገባው ሲዲው ላንተ አይከፈትም። የጀርመን ተጠቃሚዎች ማኅበር ይህንኑ ጉዳይ በዚሁ ጌም ከሶ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ በ2010 ተረትቷል። የቤቱን ባለቤት ታውቀው ከሆነ የአካውንቱን ስምና የይለፍ ቃል ያስታውስ እንደሆነ ጠይቀው። ካላስታወሰ ቅናሽ ጠብቀህ ግዛው፤ በቅናሽ ጊዜ በጣም ርካሽ ነው። ሣጥኑን ግን እንዳትጥል፣ የማትፈልገው ከሆነ እኔ እገዛዋለሁ።