ሲሞቅ አልነሳም የሚል ሞተር

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጠዋት ያለችግር ትነሳለች። ከሞቀች በኋላ ካጠፋኋት ግን ለማስነሳት እቸገራለሁ፤ ስትነሳም ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ነዳጅም መብላት ጀምራለች። የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም፤ የሙቀት መርፌውም እንደወትሮው መሃል ላይ ይቆማል። መካኒኬ የሙቀት ሴንሰሩን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። አሁን የነዳጁን መጠን የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ይቀየር ይላል። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። በመጀመሪያ የተቀየረው የትኛው ሴንሰር እንደሆነ ይጠይቁት። በርካታ መኪኖች ሁለት አላቸው፤ አንዱ ለመርፌው፣ ሌላው ለኮምፒውተሩ። ባለ አንድ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ የመርፌው ነው። እርሱ ተቀይሮ ከሆነ ጤነኛው ታክሞ በሽተኛው ተረስቷል።

የተቀየረው ትክክለኛው ከሆነ ደግሞ እኔ የምጠረጥረው ሶኬቱን፣ ማለትም ሴንሰሩ ላይ የሚሰካውን የሽቦ መሰኪያ ነው። የሴንሰሩ ሬዚስታንስ (በኦም የሚለካው፣ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም አቅሙ) በሙቀት ይቀንሳል፤ በብዙ መኪኖች በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ገደማ ነው። በሶኬቱ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ዝገት 300 ኦም ቢጨምርበት፣ ጠዋት ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ሲሞቅ ግን እጥፍ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም 80 ዲግሪ የደረሰውን ሞተር 60 አካባቢ አድርጎ ያነበዋል። ዝገቱ ሲብስ ንባቡ ከዚያም ይወርዳል፤ ለሞቀ ሞተር ለቀዝቃዛ ሞተር የሚሰጠውን ብዙ ነዳጅ ይረጫል። ሽቦው ጨርሶ ቢበጠስ ኖሮ መብራቱ በበራና ሁላችንም በተገላገልን ነበር።

ስለዚህ ጠዋት በቀዝቃዛው ብቻ መርምሮ «ደህና ነው» የሚል መካኒክ አያሳምንዎ። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ በመመርመሪያ መሣሪያው የውሃውን ሙቀት ያንብቡ፤ ከ80 በታች ከቀረ ያጥፉትና ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። ሶኬቱ ሲነቀል ንባቡ ከዜሮ በታች ወደ 40 መውረድ አለበት። ከዚያም የሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ከ120 በላይ ይዘላል። ካልዘለለ ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከሶኬቱ ነው፤ ከዘለለ ሴንሰሩንና የራሱን እግሮች ይመልከቱ። ሴንሰሩን መፍታት ካስፈለገ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይረጫል።

በሙቅ ሞተር ላይ ንባቡ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ሴንሰሩን ይተዉትና የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ ረጪ) ካለ ያስፈትሹ።