ኩላሊት ሲደክም የቲቢ ኪኒን በግማሽ ይቀነሳል?

ባሕር ዳር፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ አንዲት ነርስ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «45 ኪሎ የሚመዝን የቲቢ ታማሚ አለን። ራሱን አያውቅም፤ የሚመገበው በአፍንጫ ቱቦ ነው። ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ) ስለጨመረ አራቱን መድኃኒት የያዘውን ኪኒን ከ3 ወደ 1 ተኩል እናውርደው?»

ሲስተር፣ እባክዎ አይቀንሱት። በግማሽ ካወረዱት አራቱም አብረው ይወርዳሉ። የደከመ ኩላሊት የሚቸገረው ግን በሁለቱ ነው፦ በፒራዚናማይድና በኢታምቡቶል። የሪፋምፒሲንና የአይሶናያዚድ ሥራ በዋናነት የጉበት ነው። ሁለቱ በየቀኑ፣ በሙሉ መጠን ይቀጥላሉ።

ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ኪኒኑን ይለዩት። ሪፋምፒሲን 150 እና አይሶናያዚድ 75 ሚሊግራም ያለውን በየቀኑ 3 ፍሬ። ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ለብቻቸው፣ በሳምንት 3 ቀን። የሚቀነሰው ቀኑ ነው፤ የአንድ ጊዜው መጠን አይነካም። የኩላሊት እጥበት ካለ ከእጥበቱ በኋላ ይስጡ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ኩላሊቱ የሚያጣራው በደቂቃ ከ30 ሚሊሊትር በታች ሲሆን ነው። ክሬአቲኒኑ ገና እየጨመረ ከሆነ ደግሞ ከእሱ ተነሥቶ የሚሠራው የማጣሪያ ስሌት ያታልላል፤ የሽንቱንም መጠን ይዩ። አይሶናያዚድ ነርቭ እንዳይጎዳ ቫይታሚን ቢ6 አይዘንጋ።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ የታመመ ሰው ላይ መድኃኒቱ ከመብዛቱ ይልቅ ደም ውስጥ አለመድረሱ ያስፈራኛል። አንጀቱ ራሱ ታሟል፤ እንደ ጤነኛ ሰው አይመጥም። እኛም እናብስበታለን። አንድ ጊዜ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አባት ነበሩን። ቤተሰብ አጥሚት ያመጣል። ጠዋት የተፈጨው ኪኒን አጥሚቱ ውስጥ ተበጥብጦ ቀስ እያለ ይገባል። የሽንት ከረጢቱን ባየሁ ቁጥር ሽንታቸው ያው ቢጫ ነው። ሪፋምፒሲን ሰውነት ውስጥ ከገባ ሽንት ብርቱካናማ ይሆናል። ኪኒኑን ከአጥሚቱ ለየነው፤ በማግስቱ ቀለሙ ተለወጠ። ቀለሙ መግባቱን እንጂ መብቃቱን አይነግረንም፤ እኔ ግን እስከዛሬ ከፋይሉ በፊት ከረጢቱን ነው የማየው።

እናም ምግቡን ከመድኃኒቱ 2 ሰዓት በፊት ያቁሙ፤ ከሰጡ ከ1 ሰዓት በኋላ ይቀጥሉ። ኪኒኑን ሊሰጡ ሲሉ ብቻ ይፍጩት፤ በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ወዲያው ይስጡ፤ ቱቦውንም በውኃ ይጠቡት። ተበጥብጦ የሚቆይ መድኃኒት ይበላሻል። ጨጓራው የሰጡትን ሁሉ መልሶ የሚያወጣ ከሆነ መፍጨቱ አያዋጣም፤ በመርፌ የሚሰጥ ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ራሱን የማያውቅ ሰው አቅለሸለሸኝ አይልም። ስለዚህ የጉበት ምርመራው በየጊዜው ይሠራ። ኤኤልቲው (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ኢንዛይም) ከመደበኛው ጣሪያ 5 እጥፍ ካለፈ፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ሆኖ 3 እጥፍ ካለፈ፣ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደውሉ፤ ጉበት የሚጎዱት ሦስቱ፣ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድና ፒራዚናማይድ፣ መቆም አለባቸው። ኢታምቡቶል ደግሞ ዓይን ይጎዳል፤ ኩላሊት ሲደክም ይብሳል። ታማሚው የነቃ ቀን ቀይና አረንጓዴ ይለይ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።