መልስ፦ የጣናን ጀብዱ ጽፌ መሸጥ እችላለሁ?

ወንድሜ፣ ታንኳ፣ የዘጌ ጫካና የደሴት ገዳማት ያሉበት የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዳይስ እየጣሉ ታሪክ የሚጫወቱት ጨዋታ) ጀብዱ በአማርኛ ጽፈህ ባሕር ዳር ለመሸጥ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለብህ ጠይቀሃል። ሳትጠይቅ መሸጥ ትችላለህ። ክፍያም የለውም።

የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ2000 እ.ኤ.አ. ሌሎችም በሕጎቹ ተጠቅመው ጽፈው እንዲሸጡ የሚያስችል ክፍት የጨዋታ ፈቃድ አወጣ። ብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች በእሱ እንጀራቸውን በሉ። በጃንዋሪ 2023 ኩባንያው ፈቃዱን ልቀይር ሲል ተጫዋቹ አገር ይያዝልን አለ። በዚያው ወር መሠረታዊ ሕጎቹን የያዘው ሰነድ ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ በነፃ መጠቀምና መሸጥ በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ 4.0 (CC BY) ፈቃድ ተለቀቀ። ይህ ፈቃድ ደንቡን እስካከበርክ ድረስ አይነጠቅም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ዓመት ሙሉ የለፋህበትን ማንም ተነስቶ አይዘጋብህም።

መተርጎምም ይቻላል። ምንጩን፣ ፈቃዱንና ለውጥ ማድረግህን ግን መጽሐፉ ላይ ጻፍ። የጨዋታውን አርማ ሽፋንህ ላይ እንዳታደርግ፤ የንግድ ምልክት ነው፣ ፈቃዱ አይሸፍነውም። ሰነዱ ውስጥ የሌሉ የእነሱን ዓለማትና ገጸ ባሕርያትም ተዋቸው። ጣና እያለህ ምን ያደርጉልሃል?

የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብንና አሠራርን አይደለም። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ፎቶ የምታስገባ ከሆነ ፎቶ አንሺውን አስፈቅድ። ገዳሙንም ብታነጋግር ደግ ነው።

የደንገል ታንኳ ማዕበል ሲመታው ስንት ዳይስ እንደሚጣል ወስነሃል? ያንን ክፍል ለማንበብ በጣም ጓጉቻለሁ።