የጸደቁ ክፍሎች ተገጣጥመው ለሚሠሩት ኮምፒውተር ልቀት (ለሚያሰራጨው የሬዲዮ ረብሻ) ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ማዘርቦርዱም፣ ፓወር ሰፕላዩም፣ ግራፊክስ ካርዱም የተስማሚነት ምልክት (የረብሻ ደንቡን ማሟላታቸውን የሚገልጽ ምልክት) ካላቸው፣ የተገጣጠመው ኮምፒውተር ሌላ ምርመራ ለምን ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ምልክቱ የሚመሰክረው ክፍሉ በተመረመረበት አኳኋን ላስገኘው ውጤት እንጂ በእርስዎ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ ስለሚኖረው ጠባይ አይደለም። የጀርባ ወደቦችን (የገመድ መሰኪያዎችን) የሚከብበው ቆርቆሮ በቀለም ምክንያት ከኬዙ ብረት ጋር በቅጡ ሳይነካካ ከቀረ፣ ከማዘርቦርዱ የሚነሣው የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጅረት በዩኤስቢ ወይም በሞኒተር ገመድ ላይ ይወጣና ገመዱን አንቴና ያደርገዋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ የ75 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሩብ ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ ያለውን ረብሻ በሚገባ ያሰራጫል። ክፍሎቹን ለየብቻ የመረመረው ቤተ ሙከራ ይህንን መጋጠሚያ አላየውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በሕግ የሚጠየቀው ማን ነው?

መልስ፦ በአውሮፓ ኅብረት የኤሌክትሮማግኔቲክ ተስማሚነት መመሪያ 2014/30 መሠረት፣ ገጣጥሞ በራሱ ስም ለገበያ የሚያቀርብ ሰው እንደ አምራች ይቆጠራል፤ የቴክኒክ ሰነዱን የሚያዘጋጀውና የተስማሚነት መግለጫውን የሚፈርመውም እርሱ ነው። የክፍሎቹ መግለጫዎች ለሰነዱ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኃላፊነቱን ግን ከገጣጣሚው ላይ አያነሡም። በአሜሪካ የኤፍ.ሲ.ሲ. (የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን) ደንብ ክፍል 15 ለግል ኮምፒውተር ላላ ይላል፦ በደንቡ መሠረት ከጸደቁ ክፍሎች መመሪያቸውን ተከትሎ የተገጣጠመ ከሆነ ሙሉው ሥርዓት ሳይመረመር መሸጥ ይቻላል፤ ቀደም ሲል ግን ከተመረመሩ ክፍሎች መገጣጠሙንና ሙሉው ሥርዓት አለመመርመሩን የሚገልጽ ምልክት ይለጠፍበት ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ከብዙዎቹ ምልክቶች ይልቅ ሐቀኛ ነበር። እዚያም ቢሆን ተጠያቂው ገጣጣሚው ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ቢተካስ?

መልስ፦ ያለ አምራቹ ፈቃድ ለውጥ ያደረገ ሰው፣ በአሜሪካው ደንብ መሠረት ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ለራሴ ብቻ የምገጣጥም ከሆነ?

መልስ፦ ይኸው ደንብ ለገበያ የማይቀርቡ፣ ከተዘጋጀ ኪት (ለመገጣጠም ተሟልቶ ከሚሸጥ የክፍሎች ስብስብ) ያልተሠሩና ለግል አገልግሎት ከ5 በማይበልጥ ቁጥር የተሠሩ መሣሪያዎችን ከማጽደቅ ሥርዓት ነጻ ያደርጋቸዋል። ነጻነቱ ግን ሌላውን እስከ መረበሽ አይደርስም፦ ኮምፒውተርዎ የሬዲዮ አገልግሎት ላይ ጎጂ ጣልቃ ገብነት መፍጠሩን የኮሚሽኑ ተወካይ ካሳወቀዎት፣ ችግሩ እስኪወገድ ድረስ ማጥፋት ግዴታዎ ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ የጸደቁ መሆናቸውም መከላከያ አይሆንልዎትም።